ድምፅ የሚያከፋፍለው ሣጥን

አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ነበረ። ዕድሜውን የፈጀው ጅቡቲ መንገድ ላይ ነው። ማዳበሪያ፣ ብረት፣ ስንዴ፣ ያልጫነው የለም። ሚስቱ ሁለት ልጆች ስትወልድለት ሁለቱንም ጊዜ የምሥራቹን የሰማው በስልክ ነው። በመጨረሻ ወገቡ አልታዘዝ አለው፤ ሐኪሙም ከእንግዲህ መሪ እንዳትይዝ አለው። ጠቅልሎ አዳማ ቤቱ ገባ።

እማዋይሽ ልጄ፣ ስለ ልጆቼ ብጠይቃቸው ስለ ሾፌር ያወሩልኛል ብለሽ አትዘኚብኝ። ጥያቄሽን ይዤዋለሁ። «አባ፣ ለሦስቱም እኩል እየሰጠሁ ለምን ያዝኑብኛል? ዐረብ አገር ሄጄ የበለጠ ባመጣላቸው አይሻልም ወይ?» ነው ያልሽኝ። ቶሎ ብመልስልሽ ደግሞ ሳያስቡ መለሱልኝ ትያለሽ፤ የንስሐ ልጆቼን አውቃችኋለሁ። እና ስሚኝ።

ሾፌሩ ወደ ቤቱ ገባ እንጂ ቤቱ አልለመደውም። በክፋት አይደለም። ልጆቹ ሳሎን ተቀምጠው ሲስቁ ይቆዩና እሱ ሲገባ ብድግ ይላሉ፤ ወንበር ይለቁለታል፤ ከዚያ ዝም ይላሉ። ለእንግዳ እንደሚደረገው ማለት ነው። ሌላ አባት ቢሆን ጨዋ ልጆች አሉኝ ብሎ ይኮራ ነበር። እሱን ግን ይህ ክብር ውስጥ ውስጡን ይበላው ጀመር። አንድ ቀን ሚስቱን «እኔ እዚህ ቤት እንግዳ ነኝ እንዴ?» አላት። «ይለምዱሃል፤ አንተም ትለምዳቸዋለህ» አለችው። እስኪለምዱት መጠበቅ አቃተው።

ፊልም ይወዳል። በረሃ ላይ መኪናውን ጥላ ሥር አቁሞ በስልኩ ፊልም ማየት ነበር ትልቁ መዝናኛው። ስለዚህ ቤተሰቡን አንድ ላይ የሚያስቀምጥልኝ ፊልም ነው ብሎ ቆረጠ። ከአንድ ወደ ውጭ ከሚሄድ ጎረቤት አምስት ስፒከር፣ አንድ ወፍራም ድምፅ የሚያወጣ ቤዝና ድምፅ የሚያጎላ አሮጌ አምፕሊፋየር ገዛ።

አምስቱ ስፒከሮች የተሠሩት ሰውን ዙሪያውን እንዲከቡ ነው። አንዳንዱ ከፊት፣ አንዳንዱ ከኋላ ይቀመጣል። እሱ ግን አምስቱንም ቡፌው ላይ ደረደራቸው፤ ሚስቱ ደግሞ ዳንቴል አለበሰቻቸው። በእኛ ቤት ደንብ የተገዛ ዕቃ የሚቀመጠው እንግዳ በሚያየው በኩል ነው። ገንዘቡን ያወጣበትን ነገር ከእንግዳ ጀርባ የሚያስቀምጥ ማን አለ? ጠበል ልረጭ ስገባ እኔም አይቼዋለሁ። እውነቱን ለመናገር ያምር ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከእራት በኋላ ፊልም ይከፈታል። አብረዋቸው የሚኖሩት አማቱ፣ የሚስቱ እናት፣ የሚመቻቸው ወንበር ቡፌው ሥር ያለው ነው፤ ወገባቸውን ይደግፍላቸዋል። ትንሿ ልጅ ከሳሎኑ ወዲያኛው ጫፍ፣ በሩ አጠገብ ካለው ፍራሽ ላይ ትጋደማለች። ታላቅ ወንድሟ ከረጅሙ ሶፋ ጫፍ፣ ግድግዳው ጥግ ይቀመጣል። ሾፌሩ መሀል ላይ፣ ነጠላው ሶፋ ላይ ነው፤ የአባወራ ቦታ።

አማቱ ጆሯቸውን ይዘው «እባካችሁ ቀንሱት፣ ራሴን ፈለጠኝ» ይላሉ። ልጅቱ ከበሩ በኩል «አባዬ ጨምረው፣ አይሰማም» ትላለች። ሲጨምር አሮጊቷ ያማርራሉ፤ ሲቀንስ ልጅቱ ታኮርፋለች። በመጨረሻ ለሁለቱም የሚሰጠው መልስ አንድ ሆነ። «ለእኔ ደህና ይሰማኛል» ይላቸዋል።

ብዙ ሳይቆይ አማቱ ወገቤን እያሉ ቀድመው መተኛት ጀመሩ። ልጅቱ የቤት ሥራ በዛባት። ልጁም ጓደኛዬ ጠራኝ እያለ ይወጣል። ጎረቤቶች ከግድግዳው ማዶ በጩኸቱ ያሙት ነበር፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እሱ አልሰማም። ሳሎኑ ውስጥ ሾፌሩና ፊልሙ ብቻ ቀሩ። «አይወዱኝም» አለ በልቡ። ይህን ሲነግረኝ አንገቱን ደፍቶ ነበር። ሰው ግን ሐዘኑን በስሙ መጥራት ይከብደዋል። ስለዚህ ሌላ ስም አወጣለትና «አምፕሊፋየሩ ጉልበት አንሶት ነው» አለ።

ወደ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ሄደና «ቤት የሚሞላ ድምፅ ያለው ስጠኝ» አለ። ሻጩ ትልቁን ከፈተለት። የመስታወት መደርደሪያው ተንቀጠቀጠ፤ ደረቱ ውስጥ ገብቶ መታው፤ መንገድ ላይ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ዞር ብሎ አየ። ሾፌሩ «ይሄ ነው» አለ። ዋጋውን ሲነግሩት ግን ገንዘቡን አውጥቶ ቆጠረ። በእጁ ያለው ግማሹንም አይሞላም።

ምን አሰበ መሰለሽ? ወደ ጅቡቲ መንገድ ሊመለስ። ሐኪም የከለከለውን መሪ ይዞ፣ ጥቂት ተመላልሶ፣ ያንን ማሽን ሊገዛ። ባለ መኪናውን አነጋገረና ሰኞ ሊወጣ ተስማማ። ሚስቱ ስትሰማ አልጮኸችም። «ወገብህ በረሃ ላይ ቢይዝህ ማን ያነሣሃል?» አለችው ብቻ። «ለእናንተው ብዬ ነው» አላት። እንግዲህ ቤተሰቡ አጠገቡ እንዲቀመጥለት ከቤተሰቡ ሊርቅ ነበር። ሲወራ ሞኝነቱ ፍጥጥ ብሎ ይታያል፤ ለሚኖረው ሰው ግን አይታየውም ልጄ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሻንጣውን አዘጋጅቶ ጨረሰ። ቤቱ ጭር ብሏል። መሄዴ ካልቀረ ላንዳፍታ ልይ ብሎ ፊልም ከፈተ። ነጠላው ሶፋ ግን ታጥቦ ገና አልደረቀም ነበር። ሌላ መቀመጫ ሳይመርጥ ሄዶ የልጅቱ ፍራሽ ላይ፣ በሩ ጋ ቁጭ አለ። ቤቱን ከሠራ ጀምሮ እዚያ ቦታ ተቀምጦ አያውቅም።

የሰዎቹ አፍ ይንቀሳቀሳል። ቃል ግን የለም። ከማድ ቤት የሚመጣው የድስት ኳኳታ ከፊልሙ ይበልጣል። የቤዙ ድምፅ ብቻ በወለሉ በኩል ዱም ዱም ይለዋል። ጆሮውን አቀና፤ አንገቱን አስረዘመ፤ ምንም የለም። «ይህች ልጅ እስከ ዛሬ የሰው ከንፈር ስታይ ነው የከረመችው» አለ።

ተነሥቶ የአማቱ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ከቡፌው ጫፍ ያለው ስፒከር ጆሮው ውስጥ ሚስማር እንደሚመታ ሆነበት። ጥቂት ሞከረና መቀመጥ አቅቶት ብድግ አለ። አሮጊቷ ግን ስንት ቅዳሜ ታግሠውታል። አንዴ ቀንሱት ካሉ በኋላ በጩኸትህ ሞትሁ እያሉ አማችን መነዝነዝ ነውር መስሏቸው በወገባቸው እያሳበቡ ነበር የሚወጡት። የልጁም ቦታ ላይ ተቀመጠ፤ እዚያ ደግሞ በአንድ ጆሮ ብቻ ነው የሚሰማው። ሚስቱ ከማድ ቤት ብቅ ብላ «ምን ሆነሃል? እንቁላሏ እንደደረሰ ዶሮ ትዞራለህ» አለችው።

ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ። ከዚያ ዓይኑን ጠረገ። በኋላ ለእኔ ሲያወራኝ «አባ፣ እነሱ ለካ ከእኔ አልሸሹም» አለኝ። ስንት ዓመት ሳናዝዝ እንደዚያ ሸክሙ የወረደለት ሰው ብዙ አላየሁም።

ሰኞ መኪናው ያለ እሱ ወጣ። እሱ ወደ ሱቁ ተመለሰ፤ የዚያን ቀን ግን ጥያቄው ሌላ ነበር። «ለእያንዳንዱ ስፒከር ለየብቻ እየለካ የሚሰጥ አለህ?» ብሎ ጠየቀ።

ሻጩ ትክ ብሎ አየው። ሊሸጥለት የሚፈልገው ትልቁን ነው፤ ነገር ግን ዋሾ ሰው አልነበረም። «ያ ትልቁ ጉልበት እንጂ መለየት አያውቅም። ያለው ቁልፍ አንድ ነው፤ ስትጨምር ለሁሉም ይጨምራል» አለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከታችኛው መደርደሪያ አቧራ የጠገበ ሣጥን አወጣ። ሪሲቨር ይሉታል። የዲሹን ማለቴ አይደለም፤ የፊልሙን ድምፅ ተቀብሎ ለስፒከሮች የሚያከፋፍለውን ነው። «ይሄ ደረት አይመታም፤ ለዚህ ነው ማንም የማይጠይቀኝ» አለ ሻጩ። «የትኛው ስፒከር ለሰው ቅርብ፣ የትኛው ሩቅ እንደሆነ ትነግረዋለህ። ከዚያ ለቅርቡ ይቀንሳል፣ ለሩቁ ይጨምራል። የሩቁ እስኪመጣ ቅርቡን ትንሽ ያስጠብቀዋል። ሰው ጆሮ ጋ ሁሉም እኩል ይደርሳል።»

ሾፌሩ የባሰ ነገር ሊሰማ ልቡን አጽንቶ «ዋጋውስ?» አለ። ሻጩ ነገረው። ሾፌሩ ኪሱን ዳሰሰና ዋጋውን ደግሞ አስጠራው። በቃው፤ ለባጃጅም ተረፈው። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ይባል የለ፤ ያ ሣጥን ባለፈውም እግሩ ሥር ነበር።

ቤት ገብቶ ሁለቱን ስፒከሮች ከቡፌው አወረደና ከፍራሹ ግራና ቀኝ አቆማቸው። አንዱን መሀል፣ ቴሌቪዥኑ ሥር አደረገው፤ የሰው ንግግር የሚመጣው ከዚያ ነውና። አማቱ አጠገብ ያለውን ፊቱን አዞረና ቀነሰው። ሚስቱ ባዶ የቀረውን ዳንቴል ይዛ ቆማለች። «እንግዳ ሲመጣ ከጀርባው ያለውን በምን ያየዋል?» አለችው። «አይየው፤ ይስማው» አላት። ቅር እያላት ዳንቴሉን አጣጠፈች።

ከዚያ ሁሉንም በየቦታቸው አስቀመጠና እየዞረ «እዚህስ? እዚህስ?» እያለ ጠየቃቸው። ለአንዷ ሲቀንስ፣ ለአንዷ ሲጨምር ቆይቶ ፊልሙን ከፈተ። ልጅቱ ከፍራሹ ቀና አለች። «አባዬ፣ ይሄ ሰውዬ ያወራ ነበር እንዴ? እኔ ዲዳ መስሎኝ» አለች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አሮጊቷ ወንበራቸው ላይ እንዳሉ እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ ማንም አልቀሰቀሳቸውም። ሾፌሩ ውሃ ሊጠጣ ወጥቶ ሲመለስ አንድም የተነሣለት ሰው የለም። ልጁ የዘረጋውን እግር እንኳ አልሰበሰበም፤ አባቱ ተራምዶት አለፈ። «በቤቴ ከተደረገልኝ ክብር ሁሉ የሚበልጠው ያ ነው» ብሎኛል።

እንግዲህ እማዋይሽ፣ ወደ አንቺ ልመለስ። እኩል እሰጣቸዋለሁ ብለሽኛል፤ አምንሻለሁ። ለአንዱ ጫማ ከገዛሽ ለሦስቱም ትገዣለሽ። አንዱን ከተቆጣሽ ሦስቱንም ትቆጫለሽ። የሾፌሩም አሮጌ አምፕሊፋየር እንዳንቺ እኩል ነበር የሚሰጠው። ከአንቺ እጅ እኩል የወጣው ልጆቹ ጋ እኩል አይደርስም። ትልቁ ልጅሽ ከአንቺ ጋር ሱቅ ይውላል፤ አፍሽ ሥር ነው ያለው። አንቺ ቀስ ብለሽ የተናገርሽው እሱ ጋ ሲደርስ ጩኸት ነው፤ «እናቴ ትጨቀጭቀኛለች» የሚለው ለዚህ ነው። ለእሱ ቀንሺለት። ትንሿ ደግሞ አባቷ ከሞተ ወዲህ እንደዚያች ልጅ በሩ ጋ ነው የተቀመጠችው። እወድሻለሁ ስትያት አፍሽ ሲንቀሳቀስ ታያለች እንጂ ቃሉ አይደርሳትም። ለእሷ ጨምሪላት። አድልዎ ይሆንብኛል ብለሽ አትፍሪ፤ ለሩቅ መጨመር አድልዎ አይደለም። መካከለኛው ደህና ነው ብለሽኛል። ይሁን፤ ግን እሱም ጋ ሄደሽ ተቀመጪ። ዝም ያለ ሁሉ ተመችቶት አይደለም።

ዐረብ አገር ስላልሽው፣ ድህነት የለም አልልሽም። ዱቄት ያለቀባቸው እናቶች ሲሄዱ መርቄ ሸኝቻለሁ፤ ዛሬም እጸልይላቸዋለሁ። አንቺ ግን ሱቁ ያበላናል፣ የቤት ኪራዩም አልጎደለብኝም ብለሽኛል። የምትሄጂው ፍቅርሽ እንዲበቃቸው ብለሽ ከሆነ፣ ሳሎን ውስጥ ሆነሽ ያልሰማችሽ ልጅ ቤይሩት ሆነሽ እንዴት ትሰማሻለች?

አየሁሽ፣ ትከሻሽ ወረድ አለ። እሰየው። ከአንቺ የተፈለገው ባሕር መሻገር አይደለም፤ ያለሽ ይበቃል። ዛሬ ሱቁን ትንሽ ቀደም ብለሽ ዝጊ። ቤት ስትገቢ ትልቁ እንደ ልማዱ ወሬ ይጀምርልሻል። «ቆየኝ ልጄ፣ መጣሁ» በዪውና አልፈሽ ሂጂ፤ ትንሿ አጠገብ ቁጭ በዪ። እሱ ይጠብቅሻል፤ ቅርብ ነው።