ለሕያው የተነፋው ጥሩምባ

ተረት ልነግራችሁ ነው፤ ግን መጀመሪያ ልጥራችሁ። ልጆች! «አቤት» በሉ እንጂ! አቤት ሳትሉኝ የጀመርኩት ተረት መንገድ ላይ ይቀርብኛል። ልጆች! እንዲህ ነው እንጂ። አሁን ስሙኝ።

የመኪና መንገድ ለሁለት በከፈላት አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ማንጠግቦሽ የምትባል የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ከእናቷ ጋር ከሌላ አገር መጥተው በኪራይ ቤት ከገቡ ዓመት አልሞላቸውም። በከተማው ዘመድ የላቸውም፣ የሚያውቃቸውም ጥቂት ነው። እናቷ ታመመች። ማንጠግቦሽ ውሃ ስታጠጣት፣ ትራሷን ስታስተካክልላት ሰባት የትምህርት ቀን አለፈ። ከዚያ አክስቷ ከሩቅ መጣችና እናቷን ወደ ትልቁ ሆስፒታል ወሰደቻት፤ ልጅቷን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ።

ጎረቤቲቱ ክፉ አልነበረችም። ማታ ታስተኛታለች፣ ጠዋት ምሳዋን ቋጥራላት ሽንኩርቷን ተሸክማ ገበያ ትሄዳለች። ቀኑን ሙሉ ግን ስሟን የሚጠራት አልነበረም። አንዳንዴ ራሷ «ማንጠግቦሽ!» ትልና ራሷ «አቤት» ትላለች። እንዲህ ሁለት ቀን አለፈ። ብቸኝነት ከባድ ነው፤ በልጅነት ደግሞ ይብሳል።

ትምህርት ቤት ቢሆን በከሰዓቱ ፈረቃ፣ ልክ ሰባት ሰዓት ላይ፣ አስተማሪው መዝገቡን ገልጦ ስም ይጠራል። ማንጠግቦሽ የፈለገችው ይህንኑ ብቻ ነው፤ ስሟ እንዲጠራና አቤት እንድትል። ግን ደንብ አለ። አሥር ቀን በተከታታይ የቀረ ተማሪ ስሙ በቀይ እስክሪብቶ ይሰረዛል። እሷ ዘጠኝ ቀን ቀርታለች። ዛሬ አሥረኛው ነው።

አላስቻላትም፤ ገና በጠዋቱ ምሳዋን ይዛ ሄደች። በትምህርት ቤቱ አጥር ላይ «በችግር የቀሩ ተማሪዎችና ወላጆች እንረዳችኋለን፤ ገብታችሁ አነጋግሩን» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። ከሰሌዳው ሥር ዘበኛው ጋሽ ቦጋለ ተቀምጠዋል።

«ስንት ቀን ቀረሽ?» አሏት።

«ዘጠኝ።»

«ውይ ልጄ! ከሦስት ቀን በላይ የቀረ ያለ መግቢያ ወረቀት አይገባም። ደንቡን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም፤ የኔ ሥራ በሩ ነው።»

በር ካልተከፈተ፣ ማንጠግቦሽን የሚጠራት የለም።

በአጥሩ ቀዳዳ ቲቸር እመቤትን ጠራች። ቲቸር እመቤት ዩኒት ሊደር ናት፤ የቀረውንና ያረፈደውን የምትቆጣጠረው እሷ ናት።

«ወላጅ አምጪ» አለቻት።

«እናቴ ሆስፒታል ናት።»

«አባትሽስ?»

«አባቴ የለም።»

«እንግዲያው አሳዳጊሽ ማን እንደሆነ ከቀበሌ ደብዳቤ አምጪ። ያለዚያ ወረቀቱን አልጽፍም። አይዞሽ፣ እሺ?»

አይዞሽ ያለችው ከልቧ ነው። ግን አይዞሽ በር አይከፍትም። ደብዳቤ ከሌለ፣ ወረቀት አይጻፍ። ወረቀት ከሌለ፣ በር አይከፈት። በር ካልተከፈተ፣ ማንጠግቦሽን የሚጠራት የለም።

ቀበሌ ሄደች። ጸሐፊው አቶ ሸዋንግዛው እስክሪብቶውን አንስቶ፣ ቀና ብሎ አያትና መልሶ አስቀመጠው።

«ማን ያውቅሻል?»

ማንጠግቦሽ አሰበች። ብዙ አሰበች። «ጎረቤታችን፤ እሷም ገበያ ናት» አለች።

«የማላውቀውን አልጽፍም፣ እህቴ። ምስክር ያስፈልጋል። እናትሽ እድር ገብታለች?»

«ገብታለች።»

«ጎሽ። የእድሩ ዳኛ ይመስክሩልሽ፤ እጽፋለሁ።»

ምስክር ከሌለ፣ ደብዳቤ አይጻፍ። ደብዳቤ ከሌለ፣ ወረቀት አይጻፍ። ወረቀት ከሌለ፣ በር አይከፈት። በር ካልተከፈተ፣ ማንጠግቦሽን የሚጠራት የለም።

የእድሩ ዳኛ አባባ ይመኑ ልብስ ሰፊ ናቸው። የስፌት መኪናቸውን ሳያቆሙ ሰሟት።

«እናትሽ መዝገባችን ላይ አለች። ነገር ግን ዳኛ ብቻውን አይመሰክርም፤ አባል ተሰብስቦ ነው። አባል የሚወጣው ደግሞ ጥሩምባ ሲሰማ ነው። በይ ለጥሩምባ ነፊው ንገሪው» አሏትና ክራቸውን በጥርሳቸው በጠሱ።

ጥሩምባ ካልተነፋ፣ አባል አይወጣ። አባል ካልወጣ፣ ምስክር አይገኝ። ምስክር ከሌለ፣ ደብዳቤ አይጻፍ። ደብዳቤ ከሌለ፣ ወረቀት አይጻፍ። ወረቀት ከሌለ፣ በር አይከፈት። በር ካልተከፈተ፣ ማንጠግቦሽን የሚጠራት የለም። ደከማችሁ? እሷማ በእግሯ ነው የሄደችው!

ጥሩምባ ነፊው ከከተማው ዳር ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ሰዉ «ጥሩምባው መጣ፣ ጥሩምባው ሄደ» ይላቸዋል እንጂ ስማቸውን የሚያስታውስ አልነበረም። ልጅቷን ሲያዩ ብድግ ብለው ጥሩምባቸውን ከምስማሩ አወረዱ።

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም።»

መልሰው ሰቀሉት። «እንግዲያው አይነፋም። ሠላሳ ዓመት ነፍቻለሁ፤ ለሕያው ነፍቼ አላውቅም።»

ማንጠግቦሽ ደጃፉ ላይ ካለው ድንጋይ ተቀመጠችና ለራሷ ቆጠረችው። «የሞተ ከሌለ፣ ጥሩምባ አይነፋ። ጥሩምባ ካልተነፋ፣ አባል አይወጣ። አባል ካልወጣ፣ ምስክር አይገኝ። ምስክር ከሌለ፣ ደብዳቤ አይጻፍ። ደብዳቤ ከሌለ፣ ወረቀት አይጻፍ። ወረቀት ከሌለ፣ በር አይከፈት። በር ካልተከፈተ . . .» የመጨረሻውን ማለት አልቻለችም። እንባዋ ቀደማት።

ሲወጣላት ራባት። ቋጠሮዋን ፈታች፤ ዳቦና ሁለት ቅቅል ድንች ነው። ሰው እያየ ዝም ብሎ መብላት ነውር መሆኑን እናቷ አስተምራታለች። ስለዚህ ቀና አለችና «እንብላ» አለች።

ሽማግሌው ዳቦውን አዩ፣ ልጅቷን አዩ። ሚስታቸው ከሞቱ አራት ዓመታቸው ነው፤ በአራት ዓመት ውስጥ በዚህ ደጃፍ እንብላ ያላቸው አልነበረም። ቀስ ብለው መጥተው ከጎኗ ተቀመጡ። ዳቦውን ገምሳ ሰጠቻቸው፤ ድንቹን አንድ አንድ በሉ።

«አባባ፣ ስምዎት ማን ነው?»

«የኔ?» አሉ። «ላቀው። ላቀው እንግዳ።»

«እኔ ማንጠግቦሽ ተካ ነኝ፤ ሦስተኛ ክፍል» አለችና ዘጠኝ ቀን መቅረቷን፣ ሰባት ሰዓት ላይም ስሟ ሊሰረዝ መሆኑን ነገረቻቸው።

አባባ ላቀው እጃቸውን አራገፉና ተነሡ። «ዘጠኝ ቀን ሙሉ የሚጠራት የጠፋ ልጅ! ከዚህ ሌላ ምን ልጠብቅ ነው?» አሉና ጥሩምባቸውን አወረዱ። ነፉት! ከተማው ከዳር እስከ ዳር ሰማ።

መቼም አገራችን ጥሩምባ ከሰማ አይቀመጥም። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ጋቢያቸውን ደርበው እየሮጡ መጡ። አባባ ይመኑ መርፌ ደረታቸው ላይ እንደተሰካ መጡ። አቶ ሸዋንግዛውም የእድር አባል ነውና ከነእስክሪብቶው መጣ። ጎረቤቲቱ ማንጠግቦሽን ስታይ «ወይኔ፣ እናትየዋ!» ብላ ደረቷን ደቃች። ለቅሶው ሊቀልጥ ሆነ።

«የሞተ የለም!» ብለው ጮኹ አባባ ላቀው፣ በዚያው በመርዶ ድምፃቸው። «የሦስተኛ ክፍሏ ማንጠግቦሽ ተካ ከነሕይወቷ እዚህ ቆማለች! ከትምህርቷ ዘጠኝ ቀን ቀርታ የጠየቃት ሰው የለም! ሰባት ሰዓት ላይ ስሟ ይሰረዛል! ሰምታችኋል!»

ለልቅሶ የወጣ ሰው ልቅሶ ሲያጣ የሚያደርገውን አያውቅም። አንዲት ሴት ነጠላዋን ቀስ ብላ ገለበጠችና «እናቷ ብትሞትማ ሦስት ቀን አብረናት እንቀመጥ ነበር» አለች። አፈሩ።

ከዚያማ ምን ልበላችሁ! ጥሩምባ ቢነፋ፣ አባል ወጣ። አባል ቢወጣ፣ ምስክር ተገኘ። ምስክር ቢገኝ፣ አቶ ሸዋንግዛው ጉልበቱ ላይ ደብዳቤ ጻፈ።

«አሳዳጊ ማን ልበል?» ብሎ ጠየቀ።

«ማታ እኔ አለሁ» አለች ጎረቤቲቱ አንገቷን ደፍታ። «ቀን ግን . . .»

«ቀን እኔ አለሁ» አሉ አባባ ላቀው።

ጸሐፊው ቀበሌ ሮጦ ማኅተሙን አሳረፈበት፤ ሰዉ ሁሉ ልጅቷን ተከትሎ ወደ ትምህርት ቤቱ ጎረፈ። ቲቸር እመቤት ደብዳቤውን በአጥሩ ቀዳዳ ተቀብላ «አቶ ላቀው እንግዳ!» ብላ ጠራች። ሽማግሌው ሌላ ሰው የተጠራ መስሏቸው ዘወር ዘወር ሲሉ ደግማ ጠራች፦ «አቶ ላቀው እንግዳ!»

ማንጠግቦሽ ጋቢያቸውን ጎተተች። «አባባ፣ እርስዎን እኮ ነው።»

«አቤት» አሉ ሽማግሌው።

ደብዳቤ ቢመጣ፣ ወረቀት ተጻፈ። ቲቸር እመቤት እየጻፈች ተቆጣች፦ «ምሳ እኮ እዚህ እንመግባለን! እንዲህ ያለ ችግር ሲገጥም የሚረዳም ሰው አለን። ምነው ገብተሽ ብትነግሪን?» ማንጠግቦሽ ጋሽ ቦጋለን አየች። ጋሽ ቦጋለ ሰማዩን አዩ። ወረቀት ቢጻፍ፣ በር ተከፈተ። ሰባት ሰዓት ሆኗል፤ ማንጠግቦሽ ሮጠች።

በሦስተኛ ክፍል አስተማሪው መዝገቡን ገልጦ፣ ቀዩን እስክሪብቶ ከፍቶ፣ ለመጨረሻ ጊዜ «ማንጠግቦሽ ተካ!» አለ። ልጆቹ ዘጠኝ ቀን ለምደውታልና ዞር ብለው እንኳ ሳያዩ፣ በአንድ አፍ «የለችም!» አሉ።

«አቤት!» አለች ከበሩ፣ እያለከለከች። «አለሁ!»

አስተማሪው ቀዩን እስክሪብቶ ዘጋ። በአጥሩ ማዶ አባባ ላቀው ጥሩምባቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል፤ እስክትወጣ ይጠብቃሉ።

እኔም ጨረስኩ። ስጠራችሁ አቤት ያላችሁኝ ሁሉ፣ እናንተንም የሚጠራችሁ አይጥፋ።