ነብር ፍለጋ የሄደው አስታማሚ

ምእመናን፣ አንድ ሰው ሚስቱን ሊያሳክም ሕንድ አገር ሄደ።

የደሴ ሰው ነው፤ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ። ሚስቱ ትርንጎ ልቧን ታማ፣ እዚህ ያሉት ሐኪሞች "ውጭ ውሰዳት" ቢሉት ነው የሄዱት። የቀዶ ጥገናው ክፍል በር ላይ ቆሞ ምን አለ መሰላችሁ? "ጌታዬ፣ እሷን ብቻ መልስልኝ እንጂ ከእንግዲህ ከአጠገቧ ንቅንቅ አልልም" አለ። ስለት ነው ይሄ! ብር አይደለም፣ ጃንጥላ አይደለም፤ ራሱን ነው የተሳለው።

እግዚአብሔርም ሰማው። ትርንጎ ነቃች። ሰውየውም፣ እውነቱን እንናገር፣ ደህና አስታማሚ ነበር። ወንበር ላይ ተኛ፤ ሾርባ በማንኪያ አጠጣት፤ ዓይኗን በገለጠች ቁጥር እጇን ይዞ ታገኘዋለች።

ሐኪሙ "አገራችሁ ከመግባታችሁ በፊት ጸጥ ያለ ቦታ ትረፍ" አለ። ዱባይ ያለው ወንድሟ ከፈለላቸውና ነብር ባለበት ጫካ ውስጥ ወዳለ የሀብታሞች ማረፊያ ሄዱ። ማደሪያው ድንኳን ነው። እኛ ድንኳን ስንል የምናውቀው የሰርግና የለቅሶ ነው፣ አይደል? ይሄ ግን ምንጣፍ የተነጠፈበት፣ ሰፊ አልጋ የተዘረጋበት፣ የገላ መታጠቢያ ገንዳ ሳይቀር የገባለት ነው። በሩ ግን ያው ሸራ ነው፤ በዚፕ ይዘጋል። ትርንጎ አየችና ሳቀች። "ገና ሳልሞት ድንኳን ጣላችሁልኝ?" አለች።

ታዲያ ሰውየው መቼ አረፈ! በመጡ ማግስት ቁርስ ላይ አንዱ እንግዳ የቀረጸውን ነብር አሳየው። ያ ባለ ሸንተረሩ፣ እኛ አገር የሌለው። በቃ፣ ልቡ ሸፈተ። "ሕንድ ድረስ ሄደህ ነብር ሳታይ መጣህ ቢሉኝስ?" አለ። መቀመጥ አቃተው። ማለዳ በጂፕ ይወጣል፣ አያይም። አመሻሽ ላይ ይወጣል፣ አያይም። በሌላ መንገድ የሄዱት አይተው ሲመለሱ እሱ ይቃጠላል።

"ልሂድ እንዴ?" ይላታል። "ሂድ እንጂ፣ እኔ ምን እሆናለሁ?" ትለዋለች።

ወንዶች፣ እስቲ እንነጋገር። የኛ ሴቶች "ሂድ" ሲሉ "ሂድ" ማለታቸው ነው? ታውቃላችሁ! እሱም ያውቃል። ግን ሄደ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ውጦ፣ ስልኩን ወደ ቁጥቋጦው ደግኖ ሳለ የሰውየው ስልክ ጮኸ። ትርንጎ ናት። ሰዎቹ ዞረው ገላመጡት። ዘጋው። ደግማ ደወለች። ደግሞ ዘጋው።

ወዲያው የሾፌሩ ሬዲዮ ተንጫጫ። "ነብሩ ሰፈራችን ገብቷል! ወንዙ ዳር፣ መጨረሻዋ ድንኳን አጠገብ ውሃ እየጠጣ ነው!" ጂፑ ውስጥ ጭብጨባ ሆነ። እሱም አጨበጨበ! መኪናው ዞሮ ሲከንፍ፣ የስልኩን ካሜራ በሸሚዙ ይወለውላል። አንዲት ፈረንጅ "የማን ድንኳን ነው?" ብላ ጠየቀች።

"የኔ ነው!" አለ እየሳቀ። በኩራት!

ከዚያ ሳቁ አፉ ላይ ቀረ።

ሲደርሱ ነብሩ ጠጥቶ ሄዷል። ሰውየው ከጂፑ ዘሎ ወርዶ የድንኳኑን ዚፕ ቢስበው እምቢ አለ። ትርንጎ ከውስጥ በነጠላዋ ጠፍራ አስራዋለች። "ማነው?" አለች። ድምጿ አይወጣም፤ የተሰፋ ደረት ይዛ እንዴት ትጩህ? "እኔ ነኝ ትርንጎዬ፣ ክፈቺ" አላት። ቋጠሮውን እስክትፈታው ድረስ ደጅ ቆሞ ጠበቀ።

"ደውዬልህ ነበር" አለችው።

"አልሰማሁም" ሊል አሰበና አፈረ። "ዘጋሁት" አላት።

ትርንጎ አልጮኸችበትም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና "ሆስፒታል ሳለሁ ዓይኔን በገለጥሁ ቁጥር አጠገቤ ነበርክ" አለችው። "ከአጠገቤ እንድትሆን እንደገና ልታመም እንዴ?"

በማግስቱ ጂፑ መጥቶ ክላክስ ቢያደርግ ሰውየው አልወጣም። ነብሩንም እስከ ዛሬ አላየውም።

ምእመናን፣ በሰውየው ለመፍረድ አትቸኩሉ። ልጃችሁ ትኩሳት የያዘው ሌሊት ማን ነው ተንበርክኮ ያደረ? ዛሬ ያ ልጅ ድኖ "አባዬ፣ እንጫወት" ሲል "ነገ" የሚለውስ ማን ነው? እናታችሁ አልጋ ላይ ሳለች ተራ ገብታችሁ አስታመማችኋት። እግዚአብሔር ማረላችሁ። አሁን ምሳዋን ብቻዋን ትበላለች። በጭንቅ ቀን ደጁን የጠናነውን አምላክስ፣ ጭንቁ ሲያልፍ የት ሄድን? ለሞት ነው እንዴ የምንሰበሰበው? የዳነ ሰው አስታማሚ አያስፈልገውም ያለን ማነው?

እኔም ልቤ አያርፍም፣ ምእመናን። ይሄን ስነግራችሁ እንኳ ቸኩያለሁ፤ የምትቸኩሉትንም አያለሁ።

ይኸው፣ የአንዱ ስልክ እየጮኸ ነው። ተዉት፣ አትቆጡት! ወንድሜ፣ አትደንግጥ፤ አትዝጋውም። መጀመሪያ ማን እንደሆነ እይ። ቤት ያለችው እናትህ ናት? ሚስትህ ናት? በል ተነስ፣ ውጣና አንሳላት። ስብከቱ ይቆይልሃል።