የላቲኑ ተኩላ

«አንድ ሰው ነበረ፤ እንዳንተው ቃል ፍለጋ ከቤቱ የወጣ» አሉ የኔታ ክንፈ።

ምንይችል እህቱን ከተኛችበት ትቶ፣ የአንድ ቀን መንገድ ተጉዞ መምጣቱ ነበር። ሐኪሞቹ ሕመሟን «ካንሰር» ብለውታል፤ ቃሉ ከየት እንደ መጣ ቢያውቅ ልቡ የሚያርፍ መስሎታል። የኔታ ጥያቄውን እንደ ሰሙ ነው ታሪኩን የጀመሩለት።

ሰውየው ገበሬ ነው። የሚስቱ ጉንጭ ቀላ፤ ቅላቱ አፍንጫዋን ተሻግሮ ሌላውን ጉንጯን ያዘ። መገጣጠሚያዋ ሁሉ ይጠዘጥዛት ጀመር። ከተማ ወስዶ አሳያት። ሐኪሙ መርምሮ «ሉፐስ ነው» አለው። «ጨርሶ የሚነቀል በሽታ አይደለም። ግን መድኃኒቷን ሳታቋርጥ ከወሰደች፣ ፀሐይም ካልነካት፣ ብዙ ልትኖር ትችላለች። የውጭውን ሥራ አንተ ያዝላት።»

ገበሬው ከዚህ ሁሉ ምክር አንዲቱን ቃል ብቻ ይዞ ተመለሰ። በሱ አገር ሰው ላይ ያደረ ክፉ ነገር «ማነህ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ስሙን ከተናገረ መልቀቁ ነው። ይህኛው ግን ስሙ ተነግሮም አልለቀቀም። ገበሬው አሰበ፣ አሰበና ምክንያቱን ደረሰበት፤ የተጠራው በባዕድ ቋንቋ ነው፤ ትርጉሙ ሳይታወቅ ጠርተውት እንዴት ይሰማል?

«ልሄድ ነው» አላት።

«ጤፉስ?»

«ሳይደርስ እመለሳለሁ።»

«ጤፉ ይህን ቃልህን ሰምቷል?» አለችው። እሱ ግን በትሩን አንሥቶ ነበር።

የጤና ጣቢያው ሰው ቃሉ የፈረንጅ ነው ከማለት በቀር አላወቀም። አንድ አስተማሪ ደግሞ ላቲን ነው አለው። ላቲን የሚያውቅ ሲያጠያይቅ ሦስት ሳምንት ሄደ። በመጨረሻ ባሕር ማዶ ተምረው የተመለሱ አንድ ሽማግሌ ቄስ ዘንድ ደረሰ። ቄሱ ሃያ ዓመት ሙሉ ላቲን የሚጠይቃቸው አጥተው ኖረዋልና በደስታ የሚሆኑትን አጡ።

«ሉፐስ ማለት ተኩላ ነው!» አሉት። «ቁስሉ ተኩላ የነከሰው ስለሚመስል የጥንት ሐኪሞች በዚያው ጠሩት።»

በዚህም አላበቁም። ሮማውያን ለአስቸጋሪ ፈረስ የሚያጎርሱትን ባለጥርስ ልጓም፣ መንጠቆን፣ አንድ ሆዳም ዓሣን ሳይቀር በዚሁ ስም ይጠሩ እንደ ነበር፣ በሰማይም ስሙን የወረሱ ኮከቦች እንዳሉ ሁለት ቀን ሙሉ አስረዱት። ገበሬው አንዱም እንዳይጠፋው በጣቱ እየቆጠረ ያዘ።

«ሲጠሩትስ ይሸሻል?» ሲል ጠየቀ።

«ማን?»

«ተኩላው።»

ቄሱ መጽሐፋቸውን አገላበጡ። «ይህን መጽሐፉ አይልም።»

ሲመለስ ቤቱ ሰው አልነበረበትም። ሚስቱን ያገኛት እርሻው መሐል ነው፤ በቀትር ፀሐይ አጎንብሳ ጤፍ ታጭዳለች። መድኃኒቱ ካለቀ ሰንብቷል፤ ከከተማ የሚያመጣላት አልነበረም። ፊቷ እንደ ነበረ አልነበረም።

«አገኘሁት!» አላት ገና ከሩቅ። «ተኩላ ማለት ነው!»

እሷ ቀና አላለችም። «አዬ አንተ ሰው! ሲበላ የከረመው እኔን ነው፤ ላም ነው ብዬህ ነበር?»

ማጭዱን ከእጇ ወሰደ። ከዚያ ወዲያ ፀሐይ አላሳያትም፤ መድኃኒቱንም ሮጦ አመጣ። ጤፉ ሳይወቃ ግን ቀበራት። ለቅሶ ለደረሰው ሁሉ ቃሉን ከነልጓሙ፣ ከነዓሣው ያስረዳ ነበር። ሰዎቹም «አቤት እውቀት!» እያሉ ንፍሮውን ይዘግኑ ነበር።

የኔታ እዚህ ላይ ወደ ምንይችል ዞሩ።

«ገበሬው አንተ ነህ፤ ቄሱም እኔ ነኝ። ያችን ሴት ሁለታችንም አልጠቀምናትም። የእህትህ በሽታ ስምም እንደዚያው የእንስሳ ስም ነው። የትኛው እንስሳ እንደሆነ፣ ማን እንዳወጣለት፣ ሌላ ምን ምን እንደሚጠሩበት አውቃለሁ። እስኪመሽ ላስረዳህ እችላለሁ፤ እኔም ጠያቂ ካጣሁ ቆይቻለሁ። በእውቀቴ አላድናትም፤ አንተም ተምረኸው አታድናትም። ይኸው፣ አንተ እኔ ዘንድ ነህ። አሁን ውሃ የሚያቀምሳት ማን ነው?»