ማሞቂያውን ያስታረቁት ሦስት ሽማግሌዎች

ተረት ልንገራችሁ። መሃል ላይ «እውነት ነው እንዴ?» ብሎ የሚያቋርጠኝ ካለ ግን እዚያው አቆማለሁ። ነገሩ የሆነው ጋዝና መለኮሻ አፍ አውጥተው በሚናገሩበት ዘመን ነው፤ እናንተ አልነበራችሁም፣ እኔም አልነበርኩም።

በአንድ ውርጫም ደጋ እልፍነሽ የምትባል ዶሮ አርቢ ነበረች። በኅዳር ወር፣ በጠዋቱ፣ ስልሳ የአንድ ቀን ጫጩት አምጥታ ዶሮ ቤት አስገባችና የጋዝ ማሞቂያዋን ልትለኩስ ሄደች። ማሞቂያው ካለፈው ዓመት ጀምሮ ሳይሸፈን ጥግ ላይ ከርሟል። መለኮሻዋን ተጫነች፤ ጭ አለች። አልነደደም። ደግማ ተጫነች፤ ጭ አለች። አልነደደም። ለሦስተኛ ጊዜ ሞክራ እንቢ ሲላት ተናደደችና ሠሪ ልትጠራ ወደ ከተማ ወጣች። ከተማው ደርሶ መልስ ግማሽ ቀን ይፈጃል።

ጫጩቶቹ በብርድ ይንቀጠቀጡ ጀመር። እዚያ ቤት አንዲት አሮጊት ዶሮ ነበረች። ክንፏን ዘርግታ አሥራ ሁለቱን አቀፈች፤ ከዚያ በላይ አልቻለችም። አርባ ስምንቱ ውጭ ቀሩ።

«እሳት ካልነደደ እነዚህ ልጆች ከሰዓት አይደርሱም» አለች ዶሮዋ። «መቼም እምቢ ያለው የማሞቂያው ቤተሰብ እርስ በርሱ ተጣልቶ ነው። ሽማግሌ ይላክበት።»

ሽማግሌ ተመረጠ። አንዱ ሙክት ነው፤ ቀንዱ ያስከብረዋል። ሁለተኛው ቁራ ነው፤ የሰው ጓዳ የማያውቀው የለም። ሦስተኛዋ እመት ሸረሪት ናቸው። እሳቸው ደግሞ ብዙ አይናገሩም፤ ዝም የሚል ሰው አዋቂ ይመስላል መቼስ። «ሰብሳቢያችን እርስዎ ይሁኑ» ተባሉ፤ እሺ አሉ።

መጀመሪያ ጋዙን የያዘው ሲሊንደር ዘንድ ሄዱ።

«ጋሼ ሲሊንደር» አለ ሙክቱ፣ «ልጆች በብርድ እያለቁ እርስዎ ባዶዎን ተገትረው ያያሉ?»

«ማነው ባዶ? እስቲ ግፋኝ» አለ ሲሊንደሩ።

ሙክቱ በቀንዱ ገፋው። ንቅንቅ አላለም፤ ሙሉ ነው።

«እኔ የምሰጠውን ሰጥቻለሁ» አለ ሲሊንደሩ። «የት እንዳደረሰው ከኔ ወደ ማሞቂያው የሚወስደውን ጎማ ጠይቁት።»

ጎማው ዘንድ ሄዱ።

«አንተ ጎማ» አለ ቁራው፣ «ጋሼ የሰጡህን መንገድ ላይ ታፈሳለህ ይባላል።»

«የሳሙና አረፋ ቀባኝ» አለ ጎማው ተቆጥቶ። «ካፈሰስኩ አረፋው ይነፋል።»

ቁራው ከዳር እስከ ዳር ቀባው። አንድም ቦታ አልተነፋም።

«መለኮሻዋን ለምን አትጠይቋትም?» አለ ጎማው። «እሷ ናት ሰነፏ።»

መለኮሻዋ ዘንድ ሄዱ።

«ልጄ፣ ምን ነካሽ?» አሉ እመት ሸረሪት።

«ምንም አልነካኝ» አለች። «ይኸው ጭ፣ ይኸው ጭ። ብልጭታዬን ታያላችሁ። የምለኩሰው ነገር ሳይመጣልኝ ምኑን ላንድደው?»

እውነቷን ነው፤ ብልጭ ይላል።

ሽማግሌዎቹ ወጣ ብለው መከሩ።

«ሦስቱም ጥፋት የለባቸውም» አለ ቁራው።

«ስለዚህ ሦስቱም ይቅርታ ይጠይቁ» አለ ሙክቱ።

እመት ሸረሪትም «ይታረቁ» አሉ።

ታረቁ። ጎማው ሲሊንደሩ እግር ላይ ወደቀ፤ ሲሊንደር እግር ስለሌለው መሬቱን ሳመ። መለኮሻዋ ምን እንደበደለች ሳታውቅ ይቅርታ ጠየቀች። «ይቅር ለእግዚአብሔር» ተባባሉ። ሙክቱ መረቀ፣ ቁራው አሜን አለ። እንዲህ ያለ እርቅ በአገሩ ታይቶ አይታወቅም። ከዚያ መለኮሻዋ ጭ አለች። አልነደደም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ረፍዷል። አሮጊቷ ዶሮ ከዳር የቀዘቀዙትን እያስገባች፣ የሞቃቸውን እያስወጣች ስታፈራርቅ ቆይታለች። ሦስቱን ጫጩቶች ግን ያገኘቻቸው ዘግይታ ነው። ክንፏ ሥር ሆነውም አልሞቃቸውም፤ ሞቱ። ዶሮዋ ጎን ለጎን አስተኛቻቸውና ወደ ሽማግሌዎቹ መጣች።

«እመት፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለች። «ጋዙ ከጎማው አልፎ በምን ይወጣል?»

«በቀዳዳ» አሉ እመት ሸረሪት። «ማሞቂያው ውስጥ የመርፌ ዓይን የምታህል ቀዳዳ አለች።»

«እዚያ ማን አለ?»

ሙክቱና ቁራው ዞረው አዩአቸው።

«እኔ አለሁ» አሉ እመት ሸረሪት። «ክረምት ላይ ገብቼ በድሬ ዘጋኋት። እንቁላሎቼ እዚያ ናቸው። ከጠዋት ጀምሮ አውቄዋለሁ፤ ቤቴን ካፈረስኩ ልጆቼን የት ላድርጋቸው ብዬ ዝም አልኩ።»

ቁራው ሊሰድባቸው አፉን ከፈተ። ዶሮዋ ከለከለችው።

«እኔም እናት ነኝ፤ ምናልባት እኔም ዝም እል ነበር» አለች። «ግን እመት፣ እኔ እኮ ዶሮ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ እንቁላል ሳቅፍ የኖርኩ ነኝ። ከጠዋቱ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?»

እመት ሸረሪት ገብተው ድራቸውን ቆርጠው የእንቁላል ከረጢታቸውን ተሸክመው ወጡ፤ ዶሮዋም ላባዋ ውስጥ አስገባችላቸው። መለኮሻዋ ጭ አለች፤ ማሞቂያው ቦግ ብሎ ነደደ። ሃምሳ ሰባት ጫጩቶች ዙሪያውን ከበቡት።

ቀትር ላይ እልፍነሽ ሠሪውን፣ አቶ ሰይፈን፣ ይዛ መጣች። እሳቱ ይነዳል።

«እትዬ እልፍነሽ፣ ይሄ ምንም የለበትም እኮ» አላት።

እሷ የምታየው ጎን ለጎን የተኙትን ሦስቱን ነበር። «እነዚህስ ምን ሆነው ነው?» አለች። እመት ሸረሪት ከዚያ ቀን በኋላ ለሽምግልና ቢጠሩም አልሄዱም።

የኔ ተረት ይኸው ነው፤ ለወደደው ይቆየው፣ ያልወደደው ለሌላ ይስጠው። ምክሬን ግን ያዙ፦ ጥፋተኛ ፈልጉ ተብላችሁ ስትላኩ ከቤታችሁ ጀምሩ፤ ያገኛችሁትንም ቶሎ ተናገሩ። እመት ሸረሪትም ኋላ ተናግረዋል፤ ለሃምሳ ሰባቱ ደርሶላቸዋል፣ ለሦስቱ ግን አልደረሰላቸውም።