የደምለው መዶሻ

በአንድ ወቅት፣ ዝናብ ዝር በማይልበት ቆላ፣ አንድ አሮጌ የመዳብ ጉድጓድ ነበር። ገደሉን ከሩቅ ያየ ሰው ቀለም የተደፋበት ይመስለዋል፤ ወዲህ አረንጓዴ ድንጋይ፣ ወዲያ ሰማያዊ፣ ውስጡ ሲቆፈር ደግሞ ቀይ መዳብ። የአገሩ ሰው ከጥንት ጀምሮ ድንጋዩን በከሰል እያቀለጠ፣ በወናፍ እያናፋ፣ ድስቱንም ቃጭሉንም ከዚያው ሠርቷል። የጥንቶቹ አቅልጠው የጣሉት ጥቁር ዝቃጭ ከተራራው ጀርባ ተከምሮ ይታያል።

ጉድጓዱ ደንብ ነበረው። መዶሻ ያዥ የሚባል አንድ ሰው በየማለዳው የጉድጓዱን አፍ በመዶሻ ይመታል፤ ድንጋዩ የሚመልሰውን ድምፅ ሰምቶ «ግቡ» ካለ ይገባል፣ «ተመለሱ» ካለ ወደ ውስጥ ንቅንቅ የሚል የለም። መዶሻ ያዡ ጉድጓዱ ውስጥ አደጋ ካገኘው፣ መዶሻውና ሥራው እሱን ለሚያወጣው ሰው ነው። ሴት ደግሞ የጉድጓዱን ደፍ አትረግጥም። ለምን ቢባል የሚያውቅ የለም፤ ብቻ አትረግጥም።

አንድ ማለዳ ደምለው የተባለው መዶሻ ያዥ መታ፣ ሰማ፣ «ተመለሱ» አለ። ለአዲሱ አዳራሹ መዳብ ለማግኘት የቸኮለው የአገሩ ገዥ ምስለኔ ግን በሰው ፊት ፈሪ አለው። ደምለው ኩሩ ሰው ነበር፤ ክፉ ኩራት። የራሱን ቃል ጥሶ ብቻውን ገባ፣ ጉድጓዱም ተናደበት።

ሴት ልጁ አንጓች ሮጣ ስትደርስ ምስለኔው «ጉድጓዱ ሰው በልቷል፣ ድፈኑት» እያለ ነው። ደምለውን በስድብ ወደ ሞት የገፋበትን ጥፋት ከነሰውዬው ሊቀብር መሆኑ ወዲያው ገባት። ጆሮዋን ከፍርስራሹ ላይ አሳረፈች። ከውስጥ መዶሻ ይሰማል፤ ቀስ ያለ፣ ግን የአባቷ መዶሻ። ምስለኔው የሚንሸራተት ጠጠር ነው ብሎ ሙግት ገጠማት። እሷም ደፉን ተራምዳ ቁጭ አለች።

«ከደፈናችሁ ከነእኔ ድፈኑት» አለች።

ድንጋይ የተሸከሙት ሰዎች ተያዩ። ምስለኔው ዛተ፣ ሰደበ፣ ጅራፍ አስመጣ፤ ጅራፉም አረፈባት። ፈርታለች፣ ግን አልተነሳችም። አባቷ የሚተነፍሰው ከኋላዋ ባለው ክፍተት ብቻ ነበር።

ታላቅ ወንድሟ ጓንጉል ድንጋይ የሚያውቅ ሰው ነው። ሰማያዊው ድንጋይ ልል እንደሆነ፣ አባቱም ሲናድበት ጠንካራውን አረንጓዴ ድንጋይ ተከትሎ ጥንቶቹ ወደ ቆፈሩት መተላለፊያ እንደሚሸሽ አሰበ። ያ መተላለፊያ ወደ ውጭ የሚወጣበትን ግን በሕይወት ያለ ሰው አያውቀውም። ጓንጉል በቀጥታ ወደ ዝቃጩ ክምር ሄደ፤ የጥንት ሰው ቢሆን ድንጋዩን ካወጣበት ወደሚያቀልጥበት ሸክም ይዞ ሩቅ አይሄድም ብሎ። ቁጥቋጦውን መነጠረ፣ አፈሩን ማሰ፣ ቀዳዳውንም አገኘው። ወይ ጣጣ! ትከሻው አላሳልፍ አለው።

መካከለኛው ልጅ ይመኑ ቀጭን ነው፤ ግትርነቱም የታወቀ ነው። ይቅርብህ ሲሉት ጭንቅላቱን አስገብቶ ነበር። በደረቱ እየተሳበ አባቱን ደረሰበት። ሲመለሱ አንድ ቋጥኝ ተንሸራቶ ቀኝ እጁን ጨፈለቀው። በግራው አባቱን ጎትቶ፣ ከነመዶሻው፣ ፀሐይ ላይ አወጣው።

ደምለው የደረቱ አጥንት ተሰባብሮ ስለነበር ብዙ አልቆየም። መዶሻው ለማን እንደሆነ ሽማግሌዎች ሲጠይቁት ልጆቹን ተራ በተራ አያቸው።

«ሦስቱም አውጥተውኛል» አለ። «መዶሻው ግን አንድ ነው። እኔ አንዱን መርጬ ሁለቱን አስቀይሜ አልሞትም።»

ሞተ። ቀብሩ እንዳለቀ ምስለኔው መልእክት ላከ፤ መዶሻ ያዥ የሌለው ጉድጓድ በነጋታው ይደፈናል አለ። ያ ጉድጓድ ከተደፈነ የመንደሩ እንጀራ አለቀ ማለት ነው። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ልጆቹን ጠሩ።

ጓንጉል «እኔ ቀዳዳውን ባላገኝ ይመኑ በየት ይገባ ነበር?» አለ። ቀዳዳ ያገኘ ሁሉ ሰው አወጣ ይባላል ወይ ብለው ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ።

ይመኑ በጨርቅ የተጠቀለለ እጁን አነሳ። «ደንቡ ላወጣው ሰው ነው የሚለው። ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ዋጋውም ይኸው» አለ። በዚህ እጅ መዶሻ እንዴት ይያዛል ተባለ።

አንጓች የጅራፉን ሰንበር በነጠላዋ አልሸፈነችም። «ትንፋሹን ያቆየሁለት እኔ ነኝ» አለች። «ሬሳ ለማውጣት ከሆነማ እኔም አላስፈልግም ነበር።» ሴት ናት፣ ደፉንም ጥሳለች ተባለ። መቼም ሽማግሌ እንቅፋት አያጣም።

ሲጨቃጨቁ መሸ፣ ሲጨቃጨቁ ነጋ። ምስለኔው ሰዎቹን ድንጋይ አሸክሞ መጣ። ያኔ አንጓች መዶሻውን ከሽማግሌዎቹ መሀል ብድግ አደረገች፤ ደፉን ተራምዳ መታች፣ እንደ አባቷም ጆሮዋን አቅንታ ሰማች። ምስለኔውን ትክ ብላ አየችውና «ግቡ» አለች።

ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች። «ለማን እንደሆነ ስትጨርሱ ንገሩኝ፤ አስረክበዋለሁ። እስከዚያ ግን ይህ አፍ አይደፈንም።»

ፍርስራሹን እየጠረጉ ቀድመው የገቡት ወንድሞቿ ናቸው፤ እየገቡም ሁለቱም መዶሻው የእኔ ነው ማለታቸውን አልተዉም። ጉድጓዱ መዶሻ ያዥ ስላገኘ ምስለኔው ሰበብ አጥቶ ድንጋዩን መልሶ አሸከመ። ሽማግሌዎቹ እስካሁን አልጨረሱም፣ አንጓችም እስካሁን መልሳቸውን እየጠበቀች በየማለዳው ትመታለች።

እስቲ እናንተ ጨርሱላቸው፤ ቀዳዳውን ካገኘው፣ እጁን ከሰጠው፣ ጅራፍ እየበላች ካልተነሳችው መካከል፣ መዶሻው የማን ነው?