አያ ቸኮለና የፊታውራሪ አረቄ

ይህ ከአባቶቻችን የሰማሁት ነው፤ የጣፈጠው ከእኔ፣ የመረረው ከአያ ቸኮለ ነው። አያ ቸኮለ ምላሱ የማያርፍ፣ ጎተራው የማይሞላ የፊታውራሪ አምባው ጢሰኛ ነበር። ፊታውራሪ ደግሞ ንፉግ ብቻ ቢሆኑ ደግ ነበር። ከገበሬው የሰበሰቡትን እህል አረቄ ያስወጡበታል፤ ሁዳዳቸውን ሲያርስ የዋለውን ሰው በእንጀራ ፈንታ በዚያው አረቄ ይሸኙታል። ሰዉ በባዶ ሆዱ ጠጥቶ ሲንገዳገድ ሰገነታቸው ላይ ተቀምጠው ይስቁበታል። ሲወራ እንኳ ያ ሳቃቸው ያናድደኛል።

አንድ ቀን በእንግድነት የመጡ ባላባት የሚንገዳገደውን ሰው አይተው፣ «አምባው፣ አገርህ የሚያበቅለው ሰካራም ብቻ ነው እንዴ?» አሉ። ፊታውራሪም፣ «ምን ላድርግ፣ ድሃ ሲፈጥረው መጠጥ ይወዳል» ብለው መለሱ። ከእርሻ ሲመለስ ይህን የሰማው አያ ቸኮለ ሞፈሩን ከትከሻው አወረደ።
«ጌቶቼ፣ አንድ ቀን ደግሞ በእንጀራ ይሞክሩንና ሰክረን እንደሆነ ይዩን!»

ፊታውራሪ ራሳቸው ከሠርግ ሲመለሱ ከበቅሏቸው ወደቁ። አሽከሮቻቸው ከበው፣ «ዞር በሉ፣ ጌታችን ደክሟቸው ነው!» አሉ። በማግስቱ ባይህ የሚባል የአያ ቸኮለ ጎረቤት ቦይ ውስጥ ወድቆ ሲገኝ፣ እነዚያው አሽከሮች «ይህ ሰካራም!» እያሉ ሊገርፉት ተሯሯጡ። አያ ቸኮለ ከፊታቸው ቆመ።
«ድካምም በሹመት ሆነ?»

ባይህ ግን በእውነትም ሰካራም ነበር፤ አያ ቸኮለም አልማረውም። ልጆቹ ቆሎ አምሯቸው ሲያለቅሱ እሱ የዘሩን ገብስ በአረቄ ለወጠው። «ምን ነካህ?» ቢለው፣ «አያ ቸኮለ፣ ችግሬን ልርሳ ብዬ እኮ ነው» አለ። አያ ቸኮለ ጥግ ወደተቀመጠችው ወደ ባይህ ሚስት ወደ እናኑ ጠቆመ።
«አንተማ ረሳኸው፤ ችግሩን ብቻዋን የምታስታምመው እሷ ናት!»

መምሬ ጥላዬም አሉ። ፊታውራሪ ቤት ጠጅ ሲጠጡ አምሽተው፣ እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ «ድህነታችሁ ከመጠጥ ነው! ከእንግዲህ አረቄ የቀመሰ የተገዘተ ይሁን!» ብለው ጮኹ። ሰዉ ሁሉ ደነገጠ። አያ ቸኮለ ብቻ እጅ ነሣ።
«አባቴ፣ ከገዘቱ አይቀር ረሃቡንም አብረው ይገዝቱልን።»

ባይህ ከመሬቱ ሳይነቀል የቀረው ግን በችሎቱ ቀን፣ ፊታውራሪ በአያ ቸኮለ ቃል አፍረው ክሱን ስለተዉ ነው ይላሉ። ፊታውራሪ መሬቱን ለዘመዳቸው ሊሰጡ አስበው፣ «ሰካራም ጢሰኛ አልፈልግም፤ ይልቀቅልኝ» ብለው ከሰሱት። ዳኛው የፊታውራሪ አማች ናቸው። «ሁለተኛ ላይሰክር ዋስ ይጥራ፤ ዋስ ካጣ ይነቀል» ብለው ፈረዱ። ባይህ ዙሪያውን ቢያይ ሰው ሁሉ መሬት መሬት ያያል። ለሰካራም ማን ይዋሳል? እናኑ ልጆቿን አቅፋ ማልቀስ ጀመረች። ይሄኔ አያ ቸኮለ ተነሣና፣ «ዋሱማ እዚሁ ቆመዋል፤ ፊታውራሪ ናቸው። አረቄውን ትተው የላቡን ዋጋ በእህል ከሰጡት፣ ባይህ በምን ይሰክራል?» አለ። ፊታውራሪ ዱላቸውን አነሡ፤ «አንተ ባለጌ! እኔ አምባው በአደባባይ ለሰካራም ልዋስ? ምን ያለ ውርደት ነው!» አሉ። አያ ቸኮለ ግን ከዱላው አልሸሸም።
«ሲያጠጡት ያላፈሩ፣ ሲዋሱት ሊያፍሩ ነው?»