የአውራ ጣት ቀለም

ድሃ ቆጣቢዎች በአምስትና በአሥር ብር ያሳደጉት የገጠር ባንክ ከጭቃ ቤት ወጥቶ ፎቅ ሠራ። ሥራ አስኪያጁ አቶ ደምመላሽ «ባንኩን ያሳደግሁት እኔ ነኝ» እያሉ ለእንግዶች ሲደሰኩሩ፣ አንዲት ቅቤ ሻጭ ገንዘቧን አስገብታ የፈረመችበትን ባለ ቀለም አውራ ጣቷን እንደ ልማዷ ግድግዳው ላይ ጠረገችው።

«አንቺ ደንቆሮ! ነጩን ግድግዳ ታቆሽሺዋለሽ? በነጠላሽ ጥረጊው!» ብለው ጮኹባት።

ሴትዮዋ ንዴቷን ዋጥ አድርጋ፣ «እሺ ጌታዬ» አለች። «ጣቴ ቆሻሻ መሆኑን ዛሬ ገና መስማቴ ነው። አሥር ዓመት ሙሉ መዝገብዎን ሳቆሽሽ ኖሬያለሁና እሱንም ያምጡልኝ፤ ብሬን ልቀበልና ያንንም ላጽዳልዎት። ከኋላዬ የተሰለፉትም የሚፈርሙት በጣታቸው ነው። ሁላችንም አጽድተን ስንወጣ፣ ነጭ ግድግዳዎን ታቅፈው ይቀመጡ።»